ሕክምናን የሚያስችል መድኃኒት
(የአስታማሚና የነርስ ምልልስ)

በካንሰር ሕክምና «ደጋፊ መድኃኒት» የሚባለው ዕጢውን ራሱን የማይነካ፣ ነገር ግን ዕጢውን ለማጥፋት የሚሰጠው መድኃኒት ወይም ጨረር በታማሚው አካል ላይ የሚያደርሰውን የጎንዮሽ ጉዳት፣ ዕጢው ራሱ የሚያመጣውንም ሕመም የሚከላከል፣ የሚቀንስ ወይም የሚያክም መድኃኒት ነው። በሚከተለው ምልልስ የሚጠይቀው ታማሚ የሚጠብቅ አስታማሚ ሲሆን፣ የምትመልሰው በካንሰር ክፍል የምታገለግል ነርስ ናት፤ ሁለቱም ለጽሑፉ የተቀረጹ ተናጋሪዎች ናቸው።

አስታማሚ፦ ሲስተር፣ ብዙ ቤተሰብ ማዘዣ ወረቀቱን ይዞ ፋርማሲ ይደርስና ገንዘቡ የማይበቃ ሲሆን የኬሞቴራፒውን መድኃኒት ይገዛል፤ የማቅለሽለሹን ክኒን ግን «ይሄስ ቢቀር አይገድልም» ብሎ ይተወዋል። ካንሰሩን የሚዋጋው አንደኛው ከሆነ፣ ሌላው ለምቾት ካልሆነ በቀር ለምን ይታዘዛል?

ሲስተር፦ እንዲህ ያለው ምርጫ የሚመጣው ከችግር እንጂ ከግዴለሽነት ባለመሆኑ ማንንም የሚያስወቅስ አይደለም፤ ሆኖም የሕክምናው አሠራር ሲታይ ስሌቱ ይፈርሳል። ኬሞቴራፒ፣ ማለትም በደም ሥር ወይም በአፍ የሚሰጠው የካንሰር መድኃኒት፣ በአብዛኛው የሚያጠቃው ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሕዋሳትን ስለሆነ፣ ከዕጢው ጋር የፀጉርን ሥር፣ የአፍንና የአንጀትን ውስጠኛ ሽፋን፣ ደም የሚመረትበትን መቅኒም አብሮ ይመታል። መድኃኒቱ በዙር ተከፋፍሎ፣ ብዙውን ጊዜ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ የሚሰጠውም በመካከሉ እነዚህ ጤነኛ ሕዋሳት እንዲያገግሙ ታስቦ ነው። ታማሚዋ በትውከት ብዛት ሰውነቷ ውሃ ካጣ፣ ምግብ ካልረጋላትና ኩላሊቷ ከተጎዳ፣ ቀጣዩ ዙር ይዘገያል፣ መጠኑ ይቀነሳል፣ ወይም «ከእንግዲህ አልሄድም» ብላ ራሷ ታቋርጠዋለች። ያን ጊዜ ቤት ንብረት ተሸጦ የተገዛው ውዱ መድኃኒት በግማሽ መንገድ ይቀራል፤ ቁጠባው የተደረገው ግን በርካሹ ክኒን ላይ ነበር።

አስታማሚ፦ በማስታወክ ምክንያት ሕክምናን እስከ ማቋረጥ የሚደርስ ሰው በእርግጥ አለ?

ሲስተር፦ ሲስፕላቲን የተባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ባርኔት ሮዘንበርግ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ መስክ በባክቴሪያ ላይ የሚያሳየውን ተጽዕኖ ሲመረምር፣ ባክቴሪያዎቹ መከፋፈል ያቆሙት በኤሌክትሪኩ ሳይሆን ከፕላቲነም ኤሌክትሮዱ በሚወጣ ውሁድ ምክንያት መሆኑን ደረሰበትና ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1965 አሳተመ። ከዚያ ግኝት የተወለደው ሲስፕላቲን እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ ለሕክምና ሲፈቀድ፣ የተሠራጨ የዘር ፍሬ ካንሰርን እንኳ ለማዳን የሚበቃ ኃይል እንዳለው ታውቆ ነበር፤ ይሁን እንጂ መከላከያ ካልተሰጠ በቀር ከአሥር ታማሚዎች ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑትን ያስታውካል፤ ያውም አንዴና ሁለቴ ብቻ አይደለም። ሐኪሞች በእጃቸው የያዙትን የሚያድን መድኃኒት ታማሚው ሊሸከመው ባለመቻሉ መስጠት የሚቸገሩበት ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ከፍተኛ መጠን ያለው ሜቶክሎፕራማይድ፣ በየጤና ጣቢያው «ፕላሲል» በሚል የንግድ ስሙ የሚታወቀው መድኃኒት፣ ትውከቱን በጉልህ እንደሚቀንስ ታየ፤ ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ኦንዳንሴትሮን እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ ሲፈቀድ ነው። ይህ ጉዳይ የሩቅ አገር ታሪክ ሆኖ የሚቀር አይደለም፤ በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት ከሚታዩት ሁለት ካንሰሮች መካከል የማሕፀን በር ካንሰር ከጨረር ጋር በሲስፕላቲን ይታከማል፣ የጡት ካንሰር ደግሞ ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ ተቀናጅተው ይሰጡበታል፤ ሁለቱም አማራጮች እጅግ ከሚያስታውኩት ተርታ የሚሰለፉ ናቸው።

አስታማሚ፦ መድኃኒቱ በደም ሥር እየገባ ሆድን የሚያናውጠው በምን መንገድ ነው?

ሲስተር፦ በትንሹ አንጀት ግድግዳ ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለ መልእክት አስተላላፊ ንጥረ ነገር የሚያከማቹ ሕዋሳት አሉ። ኬሞቴራፒው ሲደርስባቸው ሴሮቶኒኑን ይለቁታል፤ እርሱም ከሆድ ዕቃ ወደ አንጎል ግንድ የሚወጣውን ነርቭ ጫፍ ይነካና አንጎል «መርዝ ተበልቷል» ብሎ የማስታወክን ትእዛዝ ያስተላልፋል። ኦንዳንሴትሮን የሚሠራው ሴሮቶኒኑ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ በመያዝ ነው። በዚህ ምክንያት ክኒኑ ወይም መርፌው ኬሞቴራፒው ከመጀመሩ 30 ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ መሰጠት አለበት፤ ትውከቱ ከጀመረ በኋላ መስጠት ጎርፍ ቤት ከገባ ወዲያ ቦይ እንደ መቆፈር ነው፤ ጥቂት ይረዳ ይሆናል እንጂ የመጣውን አይመልስም።

አስታማሚ፦ እንግዲያው ብዙ አስታማሚ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ክኒኑን ገዝቶ «ሲያማት ትወስዳለች» ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ታማሚዋም በበኩሏ «ካልባሰብኝ ለምን እጨርሰዋለሁ» ትላለች።

ሲስተር፦ የሚሳሳተው በዚህ ብቻም አይደለም። ማስታወክ ሁለት ምዕራፍ አለው። የመጀመሪያው በ24 ሰዓት ውስጥ የሚመጣው ሲሆን በአብዛኛው የሴሮቶኒን ሥራ ነው። ሁለተኛው ከዚያ በኋላ የሚነሣና እስከ አምስተኛው ቀን ሊዘልቅ የሚችል ዘግይቶ የሚመጣ ማስታወክ ነው፤ በዚህኛው ዋናውን ሚና የሚጫወተው ሰብስታንስ ፒ የተባለ ሌላ መልእክተኛ በመሆኑ ኦንዳንሴትሮን ብቻውን ብዙም አይገታውም። ስለሆነም ዴክሳሜታዞን የተባለው መድኃኒት ለተከታታይ ቀናት ይጨመራል፤ አቅም በፈቀደበት ቦታ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አፕሬፒታንት አብሮ ይሰጣል። ታማሚዋ ከሆስፒታል ስትወጣ ደህና ሆና፣ በማግስቱም ደህና ውላ፣ በሦስተኛው ቀን ስትወድቅ ቤተሰብ «ምግቡ ነው፣ ብርድ ነው» እያለ ሌላ ምክንያት ይፈልጋል፤ የታዘዙት ክኒኖች ግን በሁለተኛው ቀን «ተሽሏታል» ተብሎ ተቋርጠው ይገኛሉ።

አስታማሚ፦ ኦላንዛፒን የሚባል ክኒን የታዘዘላቸው አንዳንድ ቤተሰቦች በማሸጊያው ውስጥ ያለውን ወረቀት አንብበው ወይም አስነብበው «ይህ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ነው፤ ሐኪሙ ተሳስቷል» ብለው ይመልሱታል። ይህስ እውነት ነው?

ሲስተር፦ መጀመሪያ የተሠራው ለአእምሮ ሕመም መሆኑ እውነት ነው፤ ሐኪሙ ግን አልተሳሳተም። ኦላንዛፒን የማስታወክን መልእክት የሚያስተላልፉ በርካታ መንገዶችን በአንድ ጊዜ ስለሚዘጋ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሰፊ ጥናት ከተለመዱት መድኃኒቶች ጋር ሲጨመር በተለይ ማቅለሽለሽን በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ለካንሰር ታማሚ የሚሰጠውም በጥቂት መጠንና ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ዋናው ችግሩ እንቅልፍ ማምጣቱ ስለሆነ ማታ ይወሰዳል፤ እንዲያውም ሌሊቱን በማቅለሽለሽ ለምታሳልፍ ታማሚ ይህ እንቅልፍ ራሱ እንደ በረከት ሊቆጠር ይችላል። ከዋጋ አንጻር ሲታይም ከአፕሬፒታንት ይልቅ ለድሃ አገር የተስማማ ነው።

አስታማሚ፦ ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ፣ መርፌው ገና ሳይወጋቸው የሚያስታውኩ ታማሚዎች አሉ። ይህን ሰው ፍርሃት ነው ይለዋል፤ አንዳንዱም «ሆን ብላ ነው» እስከ ማለት ይደርሳል።

ሲስተር፦ ሆን ተብሎ የሚደረግ አይደለም፤ የታወቀ የሰውነት ምላሽ ነው። በመጀመሪያው ዙር ክፉኛ ያስታወከች ታማሚ አንጎሏ የክፍሉን ሽታ፣ የነርሷን ነጭ ጋውን፣ የግሉኮሱን ከረጢት ከትውከቱ ጋር አዛምዶ ይይዝና በሚቀጥለው ጊዜ እነዚያን ባየች ቁጥር ትውከቱ መድኃኒቱን ሳይጠብቅ ይነሣል። ይህ ዓይነቱ ማስታወክ ከአንጀት የሚመጣ ሴሮቶኒን ስለሌለበት በኦንዳንሴትሮን አይገታም፤ የሚረዳው ጭንቀትን የሚያረግብ እንደ ሎራዜፓም ያለ መድኃኒት ወይም ሰውነትን የማፍታታት ልምምድ ሲሆን እርሱም በከፊል ነው። አስተማማኙ መከላከያ በመጀመሪያው ዙር እንዳታስታውክ ማድረግ ነው። በደጋፊ መድኃኒት አሰጣጥ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይታወስ ቢባል ይህ ይሆናል፤ «በመጀመሪያ እንሞክርና ከባሰባት እንጨምራለን» የሚለው ጥንቃቄ የሚመስል አካሄድ ኋላ በምንም ክኒን ሙሉ በሙሉ የማይመለስ ጉዳት ይተክላል።

አስታማሚ፦ ቤት ውስጥስ? ቁሌቱ ሲንጫጫ፣ ቡና ሲቆላ፣ ዕጣኑ ሲጨስ ታማሚዋ ትሸሻለች፤ ቤተሰቡም ደግ ለማድረግ ብሎ ያንኑ ያበዛዋል።

ሲስተር፦ በእነዚያ ቀናት ሽታው ከተነሣ ምግቡ አይበላም፤ ስለዚህ ቁሌቱ እርሷ ከምትተኛበት ራቅ ቢል፣ ምግቡ ቀዝቀዝ ብሎና በጥቂት በጥቂቱ ቢቀርብ ይሻላል። አጥሚት፣ ሾርባ፣ በርበሬ ያልገባበት አልጫ ሽሮ ሆድ የሚቀበላቸው ናቸው። ዝንጅብልም ማቅለሽለሽን በመጠኑ እንደሚያቃልል ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ውጤታቸው ወጥ ባይሆንም ከሻይ ጋር ቢጠጣ የሚጎዳ አይደለም፣ የታዘዘውን ክኒን ግን አይተካም። ምንነቱ በማይታወቅ ቅጠላ ቅጠል ላይ ግን ሐኪም ሳይጠየቅ መድፈር አይገባም፤ ኬሞቴራፒውን የሚያጣሩት ጉበትና ኩላሊት በዚያው ሰሞን ሥራ በዝቶባቸዋልና።

አስታማሚ፦ ጾሙስ እንዴት ይሆናል?

ሲስተር፦ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ በእስልምና የታመመ ሰው ከጾም ግዴታ ነጻ የሚሆንበት ሥርዓት አለ፤ ነገር ግን ብዙ እናቶች ፈቃዱን መጠቀም እንደ ድክመት ስለሚቆጥሩት አይቀበሉትም። ዴክሳሜታዞን በባዶ ሆድ ሲወሰድ ጨጓራን ያቃጥላል፤ ረፋድ ላይ መወሰድ ያለበትን ክኒን ከሰዓት በኋላ ጾሙ እስኪፈታ ማቆየት ደግሞ ማታ እንቅልፍ ይነሣል፣ ምክንያቱም መድኃኒቱ ራሱ የሚያነቃ ነው። የስኳር ሕመም ላለባት ታማሚም ስኳሯን ከፍ ስለሚያደርግ መለካት ያስፈልጋል። ይህን ከሐኪሙ ይልቅ የንስሐ አባቷ ቢነግሯት ትሰማለች፤ ስለዚህ አስታማሚው ቀድሞ እርሳቸውን ማነጋገሩ ብልህነት ነው። የጠበሉም ነገር እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል ሳይጋጩ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸው ለብዙዎች መንገድ ከፍቷል፤ ለካንሰር ታማሚም ያው ምክር ይሠራል። ማስተዋል የሚያስፈልገው ነጭ የደም ሕዋሷ በወረደበት ሳምንት ያልፈላ ውሃ በብዛት መጠጣትንና በሰው በተጨናነቀ ቦታ ማደርን በተመለከተ ነው።

አስታማሚ፦ ነጭ የደም ሕዋስ ይወርዳል ሲባል ምን ማለት ነው? አስታማሚስ በምን ያውቀዋል?

ሲስተር፦ አስታማሚ በዓይኑ የሚያየው ምልክት የለም፤ አደጋውም ከዚህ ይመነጫል። ነጭ የደም ሕዋሳት፣ በተለይም ኒውትሮፊል የተባሉት፣ ባክቴሪያን የሚዋጉ ናቸው። ኬሞቴራፒው መቅኒውን ስለሚመታው ቁጥራቸው ብዙውን ጊዜ ከመርፌው በኋላ ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ እጅግ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ይደርሳል። በዚያን ሰሞን የሚገባ ባክቴሪያ መግል ሳይሠራ፣ ቦታው ሳይቀላና ሳያብጥ በደም ውስጥ ይሠራጫል፤ ምክንያቱም መግሉንና እብጠቱን የሚያመጡት ራሳቸው የሌሉት ሕዋሳት ናቸው። ብቸኛው ማስጠንቀቂያ ትኩሳት ሊሆን ይችላል። ስለሆነም 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት በእነዚህ ቀናት ከታየ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ እሑድም ቢሆን፣ ታማሚዋ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለባት፤ እዚያም ከደረሰች በአንድ ሰዓት ውስጥ በደም ሥር አንቲባዮቲክ ሊጀመርላት ይገባል። ቴርሞሜትር ከማንኛውም ክኒን በፊት ሊገዛ የሚገባው ዕቃ ነው።

አስታማሚ፦ ቤተሰብ ትኩሳት ሲያይ መጀመሪያ የሚያደርገው ፓራሲታሞል መስጠት ነው።

ሲስተር፦ በዚህ ሁኔታ ያ ደግነት ጉዳት አለው። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ያወርደዋል፣ ባክቴሪያውን ግን አይነካውም፤ ታማሚዋም «ተሻለኝ» ብላ ታድራለች። ሳይለኩ መስጠት፣ ከለኩም በኋላ ሰጥቶ መጠበቅ፣ የቀረውን ጊዜ ያባክናል።

አስታማሚ፦ ከአዲስ አበባ ርቆ የሚኖርስ? ብዙዎች በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል መርፌያቸውን ወስደው በማግስቱ በአውቶቡስ አገራቸው ይገባሉ።

ሲስተር፦ እውነተኛው ችግር ይህ ነው። የካንሰር ሕክምና ለረጅም ዘመን በአንድ ሆስፒታል ተወስኖ ከኖረ በኋላ እንደ ጎንደር፣ ጅማና ሐዋሳ ወዳሉ ከተሞች መስፋፋት ቢጀምርም፣ ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ያሉት አደገኛ ቀናት የሚውሉት ታማሚዋ ከሐኪሞቿ በምትርቅበት ጊዜ ነው። በአካባቢው ጤና ጣቢያ ያለው ባለሙያ ትኩሳት ያላትን ሴት ሲያይ ወባ ወይም ታይፎይድ ብሎ ማሰቡ የሚጠበቅ ነው፤ ኬሞቴራፒ መውሰዷን ካልነገረችው በምን ያውቃል? ስለዚህ የመድኃኒቱ ስምና የተሰጠበት ቀን፣ «ትኩሳት ካላት አስቸኳይ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋታል» ከሚል ቃልና ከሆስፒታሉ ስልክ ጋር የተጻፈበት ወረቀት ከቦርሳዋ መለየት የለበትም። አደጋው ከፍ ላለባቸው ደግሞ ፊልግራስቲም የተባለ፣ መቅኒውን ነጭ ሕዋስ እንዲያመርት የሚያነቃቃ መርፌ አለ፤ ኬሞቴራፒው ካለቀ ቢያንስ 24 ሰዓት ቆይቶ ከቆዳ ሥር ይወጋል። አጥንት ይቆረጥማል፤ ታማሚዋ ቀድማ ካልተነገራት ካንሰሩ አጥንቷ ውስጥ የገባ መስሏት ትደነግጣለች።

አስታማሚ፦ ድንጋጤ ካነሡ ዘንድ፣ ሽንታቸው ቀልቶ ደም ነው ብለው የሚጮኹም አሉ።

ሲስተር፦ ዶክሶሩቢሲን ራሱ ቀይ ስለሆነ ሽንትን አንድ ሁለት ቀን ያቀላል፤ ጉዳት የለውም። በእርግጥ ደም የሚያሸና ሌላ መድኃኒት አለ፤ ሳይክሎፎስፋማይድ በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ በሰውነት ውስጥ ተሰባብሮ የሽንት ፊኛን የሚያቆስል ንጥረ ነገር ስለሚያወጣ፣ በብዛት ውሃ መጠጣትና ያንን ንጥረ ነገር የሚያመክን ሜስና የተባለ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ፓክሊታክሰል የተባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት ደግሞ በውሃ ስለማይሟሟ ከጉሎ ዘይት በተሠራ ማሟሚያ ይዘጋጃል፤ ማሟሚያው ከባድ አለርጂ ሊያስነሣ ስለሚችል ዴክሳሜታዞንና የአለርጂ መድኃኒት ቀድመው ይሰጣሉ። «ዋናው መድኃኒት እያለ ይህ ሁሉ ጋጋታ ለምን?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የበለጠ መልስ አይገኝም፤ ቅድመ መድኃኒቱን ያልወሰደች ታማሚ ፓክሊታክሰሉን መጀመር አትችልም። የአፍ ቁስል ሲኖር በጨውና በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ደጋግሞ መጉመጥመጥ፣ ሚጥሚጣና በርበሬን መተው ይረዳል። ፀጉር መርገፍን የሚከለክል ክኒን የለም፤ ሕክምናው ሲያበቃ በአብዛኛው ይመለሳል።

አስታማሚ፦ የእጅና የእግር መደንዘዝስ?

ሲስተር፦ እዚህ ላይ ደጋፊ መድኃኒት አቅሙ ውስን መሆኑን መደበቅ አይገባም። ፓክሊታክሰልና ሲስፕላቲን የነርቭ ጫፎችን ስለሚጎዱ ጣት ይደነዝዛል፣ ያቃጥላል፣ ቁልፍ መቆለፍ ያቅታል። ይህን አስቀድሞ የሚከላከል የተረጋገጠ መድኃኒት የለም፤ ዱሎክሴቲን የተባለው መድኃኒት ሕመሙን በመጠኑ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ቢያሳይም መደንዘዙን አይመልሰውም። ቫይታሚን በራስ ፈቃድ እየገዙ መዋጥም የተረጋገጠ ጥቅም የለውም። የሚያድነው ታማሚዋ መደንዘዙ እንደ ጀመራት በጊዜ መናገሯና ሐኪሙ መጠኑን መቀነሱ ወይም መድኃኒቱን መለወጡ ነው፤ ዘግይታ ከተናገረች ጉዳቱ ዕድሜ ልክ ሊቀር ይችላል።

አስታማሚ፦ ሕመም ማስታገሻውን ሞርፊንን ግን ሰው ይፈራዋል። «እርሱን ከጀመረች አበቃ» ይባላል፤ ሱስ ይሆንባታል የሚልም አለ።

ሲስተር፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው መመሪያ ሞርፊንን ለከባድ የካንሰር ሕመም መደበኛ መድኃኒት አድርጎ ያስቀመጠው፣ ለሞት የተቃረቡትን ብቻ አስቦ አይደለም፤ ከባድ ሕመም ያለባት ታማሚ ሕክምናዋን እየቀጠለችም ትወስደዋለች። በሐኪም ክትትል ለካንሰር ሕመም ሲሰጥ ሱስ የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ድንገት ሲቋረጥ ሰውነት መረበሹ ግን የሚጠበቅ ስለሆነ መጠኑ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ታማሚዎችን በተግባር የሚያስመርረው የሆድ ድርቀቱ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚያመጣው ማቅለሽለሽ በጥቂት ቀናት ሲለመድ፣ ድርቀቱ ግን አይለመድም፤ ኦንዳንሴትሮንም ያደርቃልና ሁለቱ ሲገናኙ ይብሳል። ስለዚህ ሞርፊን በታዘዘበት ቀን እንደ ቢሳኮዲል ያለ አንጀት አንቀሳቃሽ አብሮ መታዘዝ አለበት፤ ካልታዘዘ አስታማሚው ሊጠይቅ ይገባል።

አስታማሚ፦ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለ። ታማሚዎች የሚሰማቸውን ለሐኪሙ አይናገሩም። «እንዴት ነሽ?» ሲላት «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፤ ቤት ስትመለስ ግን ታለቅሳለች። አንዳንዶቹም ከተናገሩ ሕክምናው ይቆምብናል ብለው ይፈራሉ።

ሲስተር፦ ምስጋናው ተገቢ ነው፤ ለሐኪሙ ግን መረጃ አይሆንም። ፍርሃቱም ሙሉ በሙሉ መሠረተ ቢስ አይደለም፤ መጠን የሚቀነስበት ጊዜ አለ። ነገር ግን አብዛኛው የሚነገረው ነገር ሕክምናውን የሚያስቆም ሳይሆን በማዘዣው ላይ አንድ መስመር የሚያስጨምር ወይም የሚያስለውጥ ነው። ስንት ጊዜ አስታወከች፣ በስንተኛው ቀን፣ ምን ያህል ጠጣች፣ ሆዷ ከሄደ ስንት ቀን ሆነው፣ ትኩሳቷ ስንት ነበር የሚለው በደብተር ከተጻፈ ሐኪሙ ቀጣዩን ዙር በዚያ ይቀምራል። በተለይ ያልታዘዘ ክኒን ጨምራ ከሆነ፣ ወይም የታዘዘውን ዋጋው ስላልተቻለ ሳትገዛ ቀርታ ከሆነ፣ ሳይታፈር መነገር አለበት፤ ሐኪሙ ወስዳዋለች ብሎ ካሰበ «መድኃኒቱ አልሠራላትም» ይልና ወደ ሌላ፣ ምናልባትም ወደ ውድ መድኃኒት ይሸጋገራል።

አስታማሚ፦ ራሷ ዝም ካለችስ?

ሲስተር፦ አስታማሚው ይናገር፤ የሚናገረውም መርፌው ከመተከሉ በፊት፣ ሐኪሙ ካርዷን ገልጦ በሚያይበት ሰዓት ይሁን። ግሉኮሱ መንጠባጠብ ከጀመረ በኋላ የሚነገረው ለዚያ ዙር አይደርስም።